ከግድግዳው እግር ሥር፤ አሮጌ ዞኮሎ እንዴት ይነቀላል? አዲሱስ እንዴት ይተከላል?

ይህን መጽሔት በእጅዎ እንደ ያዙ ለአንድ አፍታ ጐንበስ ይበሉና የክፍልዎን ግድግዳ ከእግሩ ይመልከቱት። ግድግዳውና ወለሉ ከሚገናኙበት ላይ አንድ ስንዝር እንኳ የማይሞላ የጣውላ፥ የሲሚንቶ ወይም የሴራሚክ መቀነት ዙሪያውን ታጥቆ ያገኙታል። አናጢዎቻችንና ግንበኞቻችን ይህን መቀነት «ዞኮሎ» ይሉታል። እንግዳ ሲመጣ ዐይኑ የሚያርፈው በመጋረጃው፥ በወንበሩና ከግድግዳው ላይ በተሰቀለው የምረቃ ፎቶግራፍ ነው፤ ዞኮሎውን አይቶ ያመሰገነ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ ቤት መታመሙን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ይኸው ከእግር ሥር ያለው ጣውላ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ በጎፋ በኩል በተከራየሁት ክፍል ያየሁት ነገር ነው። ቤቱ በባሕር ዛፍ ቋሚ ቆሞ፥ በማገር ተያይዞ፥ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ የቀድሞ ቤት ነው። ወለሉ ሊሾ፥ ጣራው ቆርቆሮ፥ ዞኮሎው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀለም የተደራረበበት ጣውላ ነው። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው «እማማ» እላቸዋለሁ።

በሐምሌ ወር አንድ ቀን ማታ ከአልጋዬ ሥር ያስቀመጥሁትን ካርቶን ብጐትተው እንደ ረጠበ ዳቦ በእጄ ላይ ተቈረሰ። በውስጡ የነበሩት ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማሪዎቼ ድርሰት እየመረጥሁ የሰበሰብኋቸው ወረቀቶች ናቸው። ቀለሙ ፈስሶ፥ ወረቀቱ ሻግቶ፥ ገጽ ከገጽ ተጣብቆ የሚነበብ ነገር አልተረፈም። ግድግዳውን ብዳስሰው ከጕልበት በታች ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ዞኮሎውንም በቁልፌ ጫፍ ብነካው ቁልፉ ያለ አንዳች ችግር ሰርጎ ገባ።

በማግሥቱ ለእማማ ስነግራቸው አልገረማቸውም።

«ልጄ፥ የእርጅና ነገር ነው። ቀለም ቀቢው ለመስቀል እመጣለሁ ብሎኛል። በአሮጌው ላይ አዲስ ጣውላ ይመታበታል፥ ቀለም ይቀባል፥ ያልቃል» አሉኝ።

የቸኰሉበትም ምክንያት ነበራቸው። ለልጃቸው በኅዳር ሽማግሌ ይገባል፤ ነገሩ ከሠመረም ሠርጉ በጥር ነው። ቀለም ቀቢው ሥራውን በግማሽ ቀን እንደሚጨርስ ምሎ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። የታመመውን ጣውላ በአዲስ መሸፈን ይሻላል ወይስ ነቅሎ ከኋላው ያለውን ማየት? አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለሰው ብቻ አይመስለኝም።

ስሙና ሥራው

ዞኮሎ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በቋንቋው የእንስሳ ሰኮና፥ ከእንጨት የተሠራ ጫማ፥ እንዲሁም የግንብ ወይም የዓምድ እግር ማለት ነው። በአዲስ አበባ የግንባታ ሠራተኞች አፍ ላይ ከሚውሉት ቃላት ብዙዎቹ የዚሁ ቤተ ሰብ ናቸው፤ ጣውላ፥ ኮርኒስ፥ ሊሾ፥ ጀሶ፥ ስቱኮ ሁሉም ከዚያው ናቸው። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ቆይቶ ተባርሮ ሲሄድ የሙያ ቃላቱ ግን ከመዶሻና ከመጋዝ ጋር ቀርተው አማርኛ ሆነዋል።

ጣልያኖች ለዚሁ ነገር ሌላም ስም አላቸው፤ ትርጓሜው «መጥረጊያ የሚመታው» እንደ ማለት ነው። ሥራውን ከዚህ አሳጥሮ የሚገልጽ ቃል አይገኝም። መጥረጊያ፥ የወለል መወልወያ፥ ጫማና የወንበር እግር በየቀኑ ግድግዳውን የሚመቱት ከታች ነው። ልስኑ ይህን ሁሉ አይችልምና ጠንከር ያለ ነገር ከፊቱ ይቆምለታል። በ17ኛው መቶ ዓመት የሆላንድ ሰዎች በኖራ የተቀባ ግድግዳቸው በወለል ማጠቢያ ውሃ እንዳይበላሽ ከእግሩ ላይ የሸክላ ንጣፍ ይደረድሩ ነበር። የእኛም የገጠር እናቶች ወለሉን በእበት ሲለቀልቁ እጃቸውን ከወለሉ አሳልፈው የግድግዳውንም እግር አብረው ይለቀልቁታል። ሆላንዳዊቱም የእኛዪቱም እናት የተረዱት ነገር አንድ ነው።

ሁለተኛው ሥራው መሸፈን ነው። ወለልና ግድግዳ ሲገናኙ ክፍተት አይጠፋም፤ ዞኮሎው ያንን ይሸፍናል። አደጋው የሚመጣውም ከዚሁ ላይ ነው። ክፍተትን እንዲሸፍን የተሠራ ነገር እርጥበትንም፥ ነቀዝንም፥ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦንም አብሮ ይሸፍናል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ከተማችን ከእንጦጦ ተራራ ጀምራ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች የምትወርድ ናት። ጅረቶቿም ወደ አቃቂ የሚወርዱት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ስሙን በቦታው ከቆመው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ያገኘው የንፋስ ስልክ ሰፈርና በዙሪያው ያሉት ሳሪስ፥ ጎፋ፥ መካኒሳና ላፍቶ በታችኛው ወገን የሚገኙ ናቸው። ከዚህም በቀር በብዙ ቦታ መሬታቸው ዋልካ ነው። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱም ከእርሱ ጋር በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በታኅሣሥና በጥር ከዞኮሎው ሥር ክፍተት ታይቶ በክረምት ተመልሶ ከጠፋ ምክንያቱ አናጢው ሳይሆን አፈሩ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ ወጪ አያስፈልግም። ከስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉና በየወሩ ይመልከቱት።

ውሃ ወደ ላይ እንደምን ይወጣል? የሚል አንባቢ ቢኖር የኩራዝን ክር ያስታውስ። ነጭ ጋዙ ከታች ነው፤ እሳቱ ከላይ ነው፤ ክሩ ግን ጋዙን ስቦ ያወጣዋል። ጭቃ፥ ልስንና ብሎኬትም በውስጣቸው ባሉት እጅግ ቀጫጭን ቀዳዳዎች የመሬቱን ውሃ እንዲሁ ይስቡታል። ውሃው ወጥቶ ሲደርቅ ከመሬት ይዞት የመጣው ጨው በግድግዳው ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ይቀራል። ቀለምን የሚያስነሣውና የሚያረግፈው አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ ወደ መዶሻው ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፥ ግድግዳው የሚረጥበው በክረምት ብቻ ነው ወይስ በበጋም? በበጋም ከረጠበ የሚያፈስ የውሃ ቧንቧ መኖሩን ይጠርጥሩ። ሁለተኛ፥ ከውጭ በኩል ያለው መሬት ከቤቱ ወለል ከፍ ብሏል ወይስ ዝቅ? መንገድ በተሠራ፥ አፈር በተደፋ ቁጥር ደጁ ከፍ እያለ አሮጌው ቤት ጕድጓድ ውስጥ እንደ ቀረ ይሆናል። ሦስተኛ፥ የቆርቆሮው ውሃ ወዴት ይወርዳል? አሸንዳ ከሌለ ወይም ከተቀደደ ጠብታው መሬቱን እየመታ ጭቃውን ወደ ግድግዳው ይረጨዋል።

የእማማን ቤት ስንመረምር ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጕድለት ተገኘ። ከጓሮው በኩል ለዓመታት የተከመረ አፈር ከወለሉ በላይ አንድ ክንድ ያህል ደርሷል፤ አሸንዳውም ከመካከሉ ተቈርጦ ውሃው በቀጥታ ከአፈሩ ላይ ይወርድ ነበር። ውሃው ከአፈሩ ወደ ጭቃው፥ ከጭቃው ወደ ጣውላው፥ ከጣውላው ወደ ተማሪዎቼ ወረቀት ተጓዘ ማለት ነው።

አነቃቀሉ

እማማ ግን ነቀላውን አልወደዱትም። ከጐረቤት አንድ በዕድሜ የገፉ አናጢ አስመጥቼ ነበርና በፊታቸው እውነተኛውን ምክንያት ነገሩን።

«ይህን ጣውላ በእጃቸው የመቱት እሳቸው ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና ሌላ ሰው አላስነኩም። አሁን በመዶሻ ሲሰባበር ላይ ነው?» አሉ።

አናጢውም መሮአቸውን አስቀምጠው፥ «እትዬ፥ እንዲያውም የማይሰበረው ስንነቅለው ነው። በላዩ ሌላ ጣውላ ከተመታበት ግን ከሥር ሆኖ ይበሰብስና ለማገዶም አይተርፍ» አሏቸው። እማማ ጥቂት አስበው «በሉ እንግዲህ፥ ቀስ ብላችሁ» አሉ።

መንቀል ማለት መስበር አለመሆኑን የተማርሁት ያን ዕለት ነው። ሥራው በሚከተለው ተራ ይሠራል።

በመጀመሪያ መብራቱን ከቆጣሪው ላይ ያጥፉ። በአሮጌ ቤት ሽቦ ከዞኮሎ ኋላ ማሳለፍ የተለመደ ነው፤ ሚስማሩ ወይም መሮው ሽቦውን ቢያገኘው 220 ቮልት ይጠብቅዎታል። ቀጥሎም ዕቃውን ወደ ክፍሉ መካከል ይሰብስቡ።

ሁለተኛ፥ ዞኮሎውና ግድግዳው የተያያዙበትን የቀለም መስመር በስለታም ቢላዋ ከዳር እስከ ዳር ይቍረጡ። ቀለም በላይ በላዩ ሲቀባ ኖሮ ጣውላውን ከልስኑ ጋር እንደ ሙጫ ስለሚያጣብቀው ሳይቈርጡ ቢስቡት ልስኑን ገንጥሎ ይወጣል። በችኰላ የሚሠሩ ሰዎች ግድግዳውን የሚያበላሹት በዚህ ነው።

ሦስተኛ፥ ሰፊና ስስ ብረት ወይም ስፓቱላ ከጣውላው ኋላ አስገብተው በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። ቀዳዳው ሲሰፋ የሚስማር መንቀያውን ያስገቡ፤ ነገር ግን በመንቀያውና በግድግዳው መካከል ትንሽ የጣውላ ቍራጭ ማድረግን አይርሱ። ኃይሉ በዚያች ቍራጭ ላይ ካላረፈ ብረቱ ጭቃውን ሰርጕዶ ይገባል። ከአንድ ቦታ ብቻ አይታገሉት፤ ሚስማር ባለበት ሁሉ ጥቂት ጥቂት እያላቀቁ ከዳር ወደ ዳር ይሂዱ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፥ ጣውላው ከወጣ በኋላ ሚስማሩን ከፊት በኩል አይምቱት። ገልብጠው በጉጠት ከኋላው ይሳቡት፤ የፊቱ ገጽ ሳይሰነጠቅ ይወጣል። ወዲያውም ከእያንዳንዱ ጣውላ ኋላ የቦታውን ስምና ተራ ቍጥሩን በእርሳስ ይጻፉ። ሁሉም ጣውላ አንድ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ የተቈረጠው ለገዛ ቦታው ነው።

ስለ ቀለሙም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖር ይችላል፤ ትቢያው በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጐዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአገራችን የወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት ለተቀባው ቀለም ግን ዋስትና የለም። ስለዚህ በደረቁ አይፈግፍጉት፤ በውሃ አርጥበው ይፋቁት፥ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፥ ልጆችን ከክፍሉ ያርቁ። ከሁሉ በላይ ቀለም የተቀባ ጣውላ ለማገዶ አያድርጉ። ጢሱ ከወጡና ከእንጀራው ጋር ወደ ቤተ ሰቡ ይገባልና።

በጄሞ ወይም በጎፋ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንባቢ «የእኔ ዞኮሎ ሴራሚክ ነው፥ ምን ላድርግ?» ይል ይሆናል። በዚያ ላይ ያለው ጥበብ መጋጠሚያውን አስቀድሞ ፍቆ ባዶ ማድረግ ነው። ከዚያም መሮውን ከላይ በኩል አስገብተው ከግድግዳው ያላቅቁት እንጂ ከታች ከወለሉ ሴራሚክ ጋር አያታግሉት። ዐይንዎን በመነጽር ይጠብቁ፤ የሴራሚክ ስባሪ እንደ ብርጭቆ ይቈርጣል። በመንግሥት ቤት የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ማንኛውንም ጥገና ከመጀመርዎ በፊት ቤቱን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ጠይቀው ፈቃድ ይያዙ።

ከኋላው የተገኘው

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ዞኮሎው ሁሉ ወጣ። ከአልጋዬ በኩል ያሉት ሁለት ጣውላዎች በጣት ሲነኳቸው እንደ በሶ ይበተኑ ነበር። ከኋላቸው ያለው ጭቃ ጠቍሯል፤ ከቋሚዎቹም አንዱ ከእግሩ በስብሶ አንድ ስንዝር ያህል በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጣራውን ተሸክሞ የኖረው ምን እንደ ነበረ እግዚአብሔር ያውቃል። በዚያ ላይ አዲስ ጣውላ ተመትቶ፥ ቀለም ተቀብቶ፥ የሠርጉ ሰው በጥር ሞልቶበት ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

የቀሩት ጣውላዎች ግን ጤነኞች ነበሩ። አናጢው አንዱን በቢላዋ ፋቅ አድርገው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና «ጽድ ነው! ሰውየው ዐዋቂ ነበሩ» አሉ። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ከውጭ መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶና ከእንጨት ዕጦት ያዳነ ባለውለታችን ነው። ይሁን እንጂ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፥ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ አፈር ውስጥም ብዙ አይቈይም። የአገራችን ጽድ ግን በተፈጥሮው ምስጥንና መበስበስን የሚቋቋም እንጨት ነው። ነቀዝ የበላውን ከምስጥ ቤት ለመለየት ቢፈልጉ ነቀዝ ትናንሽ ክብ ቀዳዳና ደቃቅ ዱቄት ይተዋል፤ ምስጥ ግን ከአፈር የተሠራ ቀጭን መተላለፊያ ይሠራል።

ጣውላዎቹን ስንገለብጥ ከኋላቸው በእርሳስ የተጻፈ ጽሑፍ ወጣ። «በመስኮት በኩል፥ 3 ሜትር ከ40»፤ «በበር በኩል፥ ግራ»። የእማማ ባል ጽሕፈት ነው። እማማ መነጽራቸውን አምጥተው እያንዳንዱን አነበቡ። ከዚያም ጣውላዎቹን ራሳቸው በጨርቅ ወልውለው ከግድግዳው ጥግ ደረደሯቸው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሥራውን እንድናፋጥን ጠይቀውን አያውቁም።

ከአዲሱ በፊት

አሁን አስቸጋሪው ነገር መጣ፤ እርሱም መታገሥ ነው። የውሃው ምክንያት ሳይወገድ፥ ግድግዳውም ሳይደርቅ ምንም ነገር መትከል አይገባም።

አስቀድመን የጓሮውን አፈር ቆፍረን ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ እስኪል ድረስ አነሣነው፤ ከግድግዳው እያራቀ የሚወስድ ትንሽ ቦይም አወጣን። አሸንዳው ተቀየረ። የበሰበሰውን ቋሚ የማስተካከል ሥራ የአናጢው ነበር። ጣራውን በሌላ እንጨት ደግፈው የሞተውን ክፍል ቈርጠው ጣሉና ጤነኛው እግር በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ላይ እንዲያርፍ አደረጉት። ውድ አንባቢ፥ ዞኮሎ መንቀልና መትከል በትዕግሥት ለሚሠራ ሰው ሁሉ የሚቻል ነው፤ ጣራ የተሸከመ እንጨት ግን ሙያተኛ ሳይኖር አይነካም።

በጭቃ ግድግዳ ላይ የወደቀውን ልስን በሲሚንቶ የመተካት ልማድም አለ፤ ልማዱ ግን ክፉ ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለ ሆነ ጭቃው ሲያብጥና ሲሰበሰብ አብሮት አይሄድም፤ እርጥበቱንም ወደ ውጭ አያስተነፍሰውም። ውሎ አድሮ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይወድቃል። ጭቃን የሚጠግነው ጭቃ ነው። ጭድ ገብቶበት፥ ተረግጦ፥ ጥቂት ቀን የቦካ ምርጊት ከአሮጌው ጋር ይያያዛል።

ከዚያ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ሙሉ ግድግዳው እግሩን ገልጦ ከረመ። ሽማግሌዎቹም የመጡት ይህን ጊዜ ነው። እማማ አፍረው ወንበሮቹን ከግድግዳው አስጠግተው ሊሸፍኑት ቢሞክሩም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጐንበስ ብለው አዩና «ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ። እማማም ነገሩን እንዳለ ነገሯቸው። ሽማግሌውም ቀና ብለው፥ «ቤቱን ከሥሩ የሚያክም ሰው ልጁንም ከሥሩ ነው የሚያሳድግ» አሉ። የዚያን ዕለት የተባለው ሁሉ ተረስቶ ይህ ቃል ብቻ በሰፈሩ ቀረ።

አተካከሉ

በታኅሣሥ ግድግዳው ደረቀ። መድረቁን የምናውቀው በመዳሰስ ብቻ አይደለም፤ የላስቲክ ቍራጭ በዙሪያው ተለጥፎ ሁለት ቀን ሲቈይ ከኋላው ላብ ካልያዘ ደርቋል ማለት ነው።

ለተበላሹት ሁለቱ ጣውላዎች ምትክ የሚሆን የደረቀ እንጨት ተገዛ። አዲስ ጣውላ ከመጋዘን እንደ መጣ አይመታም። በሚመታበት ክፍል ውስጥ ሳምንት ያህል ተጋድሞ የክፍሉን አየር ይልመድ። ከዚያም ፊቱ ብቻ ሳይሆን ጀርባውና የተቈረጠው ጫፉ ሁሉ ቀለም ወይም ቫርኒሽ ይቀባ። ብዙ ሰው የማይታየውን ጀርባ መቀባት ማባከን ይመስለዋል፤ እርጥበት የሚገባው ግን በጀርባና በጫፍ ነው።

አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ የሚለው የአናጢዎች ምክር በማዕዘን ላይ ሲደርሱ ይገባዎታል። ወደ ውስጥ በገባ ማዕዘን አንዱን ጣውላ እስከ ግድግዳው አስጠግተው ይምቱ፤ ሁለተኛውን በፊተኛው ቅርጽ ልክ ቈርጠው ይግጠሙት። ወደ ውጭ በወጣ ማዕዘን ግን ሁለቱም በ45 ዲግሪ ይቈረጣሉ። ታዲያ የአሮጌ ቤት ማዕዘን እንደ ጂኦሜትሪ መጽሐፋችን 90 ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ በሁለት ቍርጥራጭ ጣውላ አስቀድመው ይሞክሩና ልኩን ካገኙ በኋላ ዋናውን ይቍረጡ።

ሲመቱም ከወለሉ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ወፍራም ካርቶን ከሥሩ አንጥፈው ይመቱና ኋላ ካርቶኑን ስበው ያወጡታል። ጣውላው ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ ይጠጣል። በጭቃ ቤት ሚስማሩ መያዝ ያለበት ቋሚውን ነው፤ ጭቃው ብቻ አይዘውም። ቋሚው የት እንዳለ ግድግዳውን በጣትዎ በማንኳኳት ያውቃሉ፤ ባለበት ቦታ ድምፁ ይለወጣል። በብሎኬት ቤት ደግሞ በድሪል ተበስቶ ፊሸር ይገባና በብሎን ይታሰራል። በመጨረሻ የሚስማሩን ራስ ጥቂት አስርጎ፥ በስቱኮ ደፍኖ፥ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ቀለም መቀባት ነው።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የፕላስቲክ ዞኮሎ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሽቦ ለማሳለፍም ይመቻል። በደረቅ ግድግዳ ላይ ነቀፋ የለውም። በእርጥብ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ግን ሙጫው ይለቃል፤ ከሁሉ የከፋው እርሱ ራሱ ስለማይበሰብስ ከኋላው የሚሆነውን ሳይናገር መቅረቱ ነው።

ስለ ወጪውና ስለ እጃችን

ብዙዎቻችን አስተማሪዎች፥ ጸሐፊዎችና የመሥሪያ ቤት ጀማሪዎች ነን፤ ደመወዛችንም የታወቀ ነው። ስለዚህ ወጪውን ልንገርዎ። ለዚህ ሥራ ያስፈለገው መዶሻ፥ መጋዝ፥ ጉጠት፥ መሮ፥ ስፓቱላ፥ ቢላዋ፥ ሜትርና ስኳድራ ነው። አብዛኛውን ከጐረቤት ተዋስን። የተገዛው ሁለት ጣውላ፥ አሸንዳ፥ ጥቂት ሲሚንቶ፥ ሚስማርና ቀለም ነው፤ የአናጢው የእጅ ዋጋም ተጨምሮበት ቀለም ቀቢው ዙሪያውን አዲስ ለመምታት ከጠየቀው በታች ሆነ። ምክንያቱም ከነበረው ጣውላ አብዛኛው ተመልሶ በቦታው ገብቷል። ቀስ ብሎ የነቀለ ሰው ሁሉንም መግዛት አያስፈልገውም።

ከገንዘቡ የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። እኔ በኮሌጅ ስለ ፈሳሽ ወደ ላይ መሳብ ተምሬ ፈተናውን አልፌአለሁ፤ ለተማሪዎቼም ደግሜ አስተምሬዋለሁ። የአልጋዬ ግድግዳ ግን ያንኑ ትምህርት በፊቴ ሲሠራው ሦስት ዓመት አላየሁትም። ፊደል ያልቈጠሩት አናጢ አንድ ጊዜ ጐንበስ ብለው አዩት። ከልጅነታችን ጀምሮ እጃችን ብዕር ብቻ እንዲይዝ፥ መዶሻ የያዘውንም ዝቅ አድርገን እንድናይ የለመድነው ልማድ እንዲህ ያለ ዕውርነት ያመጣል። ትምህርታችን ከግድግዳችን እግር ካልደረሰ ወዴት ይደርሳል?

ሠርጉ በጥር ሆነ። ከእንግዶቹ ዞኮሎውን ያየ አልነበረም፤ ይህም የሥራው ምስጋና ነው። የጽድ ጣውላዎቹ የእማማ ባል በጻፉት ምልክት መሠረት እያንዳንዱ ወደ ቦታው ተመልሷል። የመጨረሻውን ከመምታታችን በፊት እማማ እርሳስ አስመጥተው ከባላቸው ጽሕፈት ሥር የዕለቱን ቀን አስጻፉኝ። «ደግሞ የሚነቅለው ሰው ይወቀው» አሉ።

ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ በሐምሌ አንድ ማታ ካርቶኑን ከአልጋዬ ሥር ጐተትሁት። የጠፉት ድርሰቶች አልተመለሱም፤ የዘንድሮዎቹ ግን ደረቅ ነበሩ። እርስዎም ውድ አንባቢ፥ ዝናቡ ሳይጀምር አንድ ጊዜ ጐንበስ ይበሉ።